ሦስተኛው ስም

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ተልኬ ሦስት ሳምንት ያህል በወደቡ አካባቢ ሰንብቼ ነበር። የሄድሁበት ሥራ የንብረት ርክክብ ስለነበረ ለቤተሰብ ዓምድ የሚሆን ቁም ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ከዚያ ይዤው የተመለስሁት አንድ ጨዋታ አለና፣ ውድ ጓዶቼና በየቤታችሁ የምትጠብቁን እመቤቶች፣ ጥቂት ጊዜ ሰጥታችሁ ታደምጡኝ ዘንድ እለምናለሁ። ጨዋታው ስለ ስም ነው።

የመግቢያ ፈቃድ ከሚሰጥበት ክፍል የደረስሁት ገና በማለዳ ነበር። በጅቡቲ ሐምሌ ማለዳ ማለት እንደ እኛ አገር ማለዳ አይደለም፤ ፀሐይዋ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ይመስላል። የጣሪያው ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው ያንኑ የጋለ አየር ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ሽርጥ ያገለደመ ጸሐፊ ተቀምጧል። ቅጹ በፈረንሳይኛ የታተመ ነው። የራሴንና የአባቴን ስም ጽፌ ሰጠሁት። አየት አደረገውና በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ።

«ሦስተኛውስ?» አለኝ በጠራ አማርኛ።

«ሦስተኛው ምን?»

«የአያትህ ስም ነዋ! በዚህ ከተማ ሁለት ስም አይበቃም። በወደቡ መዝገብ ውስጥ የእኔ ስም ከነአባቴ ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች አሉ። ከሰባቱ አንዱ ብዙ ዕዳ አለበት።»

ልጅነቱን በድሬዳዋ ያሳለፈ ሰው ኖሯል። የድሬዳዋ ልጅ መሆኑን ሳይነግረኝም ባውቅሁት ነበር፤ እኔ «እርስዎ» እያልሁት እሱ ያለ አንዳች ማመንታት «አንተ» ይለኛልና። ስሙ ሮብሌ ነው። የአያቴን ስም ጽፌ ቅጹን መለስሁለት። ማኅተሙ ያለበትን ሰው መጠበቅ ነበረብንና እግረ መንገዴን የስሙን ትርጉም ጠየቅሁት።

«ሮብ በሶማልኛ ዝናብ ነው» አለኝ። «እናቴ በወለደችኝ ሌሊት ዘነበ። ሌላ ምን ስም ሊያወጡልኝ ይችሉ ነበር?»

ይህን ሲናገር በመስኮቱ በኩል ነጭ ሆኖ የሚያንጸባርቀውን ሰማይ ተመለከትሁ። በጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደው ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በአዲስ አበባ ከ1,000 ያልፋል። ስለዚህ በዚያ አገር ሰውን «ዝናባም» ብሎ መጥራት፣ በእኛ አገር «ወርቁ» ወይም «አልማዝ» ብሎ ከመጥራት የሚያንስ ምርቃት አይደለም። ወዲያውም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በሻለቃችን ውስጥ ሮባ የሚባል የቦረና ልጅ ነበረ፤ በኦሮምኛም ሮባ ዝናብ ነው። በአፋርኛም ሮብ ያው ዝናብ ነው። ዝናቡ የሚባሉ የጎጃም ልጆችም አሉን። ይህን ሁሉ ስነግረው ሮብሌ ሳቀና፣ «እንግዲያው በአንድ ደመና ሥር ነው የተወለድነው» አለኝ።

የማኅተሙ ሰው ዘገየ። ሮብሌም የሰፈሩን ሰው ስም በየተራ ይተነትንልኝ ጀመር። ጌሌ ባለ ግመል ነው። ጌዲ ጉዞ ነው፤ ቤተሰቡ ዕቃውን በግመል ጭኖ በሚሄድበት ጊዜ የተወለደ ልጅ የሚያገኘው ስም ነው። ዋበሪ ንጋት ነው። ጉሌድ ድል አድራጊ ማለት ሲሆን፣ ከ1969 እስከ 1991 ዓ.ም. የጅቡቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት የሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም በዚሁ ይፈታል። አያንሌ ባለ ዕድል ነው። በዚህኛው ላይ ሮብሌ ደረቱን ነፋ አደረገ፤ በ2006 ዓ.ም. አያንሌ ሱሌይማን በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው የእኛው አትሌት እንደነበረ ሊያስታውሰኝ ፈልጎ ነው። እኔም አልካድሁም።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ግን ቅጽል ስማቸው ነው። በእኛ ዘንድ የሰውን ጉድለት በፊቱ መጥራት ነውር ነው፤ ቢበዛ ከጀርባው ይታማል። በሶማሌዎች ዘንድ ረጅሙ ዴሬ፣ አጭሩ ጋብ፣ ተብሎ በአደባባይ ይጠራል፤ ባለቤቱም አቤት ይላል። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሲያድ ባሬ እንኳ «አፍወይኔ»፣ አፈ ትልቁ፣ ይባሉ ነበር። በእርግጥ እኛም ከዚህ ጨርሰን አላመለጥንም። የአሥራ ስድስተኛውን መቶ ዓመት ኢማም አሕመድን አማርኛው «ግራኝ» ሲል ሶማልኛው «ጉሬይ» ይላል፤ ሁለቱም ቀኝ እጁን ትቶ በግራው የሚሠራ ማለት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በሰውዬው ታሪክ ላይ ባይስማሙም በእጁ ላይ ተስማምተዋል።

ከተማይቱ ራሷ ለሰፈሮቿ በስም ንፉግ ናት። የድሮዎቹ ሰፈሮች ካርቲየ አንድ፣ ካርቲየ ሁለት እየተባሉ እስከ ሰባት ድረስ በቁጥር ይጠራሉ። በመካከሉ ግን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የምኒልክ አደባባይ የሚለው ቦታ አለ፤ በይፋ የተሰየመው አገሪቱ ነፃ በወጣችበት ቀን፣ በ27 ጁን 1977፣ ማለትም በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ማታ ማታ ነፋስ ፍለጋ ወደዚያ እወጣ ነበር። ከአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬም በዕድሜዬ የሰማኋቸውን ስሞች አንድ በአንድ ማንሣት ልማድ ሆነብኝ።

የመጀመሪያው ትዝታ የጦር አካዳሚው የስም ጥሪ ነው። ከዕጩ መኮንኖቹ አንዱ ማንያዘዋል ይባላል። አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን ስሙን አነበበና ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ አዝዘዋለሁ!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ምስኪን ልጅ ከሁላችንም በላይ ታዘዘ። ትዕዛዙ የሚባል ሌላ ጓድ ደግሞ ነበረን። አንድ ማለዳ ከሰልፍ ዘገየና የቡድኑ ተጠሪ ተጠንቅቆ፣ «ትዕዛዙ አልደረሰም፣ ጌታዬ!» ሲል ሪፖርት አደረገ። መኮንኑ የሰማው የበላይ ትእዛዝ አልደረሰም የሚለውን ነውና፣ «ካልደረሰማ ባላችሁበት ጠብቁ» ብሎን ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ቆመናል። ትዕዛዙ ሲደርስ የተቀበልነው በደስታ አልነበረም።

ሻምበል የሚባል ተራ ወታደር ያልገጠመው ክፍልም ያለ አይመስለኝም። የእኛው ሻምበል በዘብ ቤቱ ስልክ ላይ ሲመደብ፣ «ማን ልበል?» ሲሉት ሳይዋሽ «ሻምበል ነኝ» ይላል። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው አሥር አለቃ እግሩን ሲያጋጥም የጫማው ድምፅ ይሰማል። ይህ ቀልድ ስንት ወር እንደቆየ አልናገርም፤ አንዳንዶቹ ተዋንያን ዛሬ ማዕረግ ጨምረዋል። በመኖሪያ ሰፈራችንም አሰለፈች የሚባሉ እናት ነበሩ። በቦኖው ውሃ ወረፋ ላይ ጀሪካኑን ሁሉ በአንድ መስመር ያስቀምጡታል፤ ከመስመሩ የወጣ ጀሪካን ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ወደ ኋላ ይሄዳል። ስም ሰውን ይመራል የሚሉ ሰዎች ሲከራከሩ ምስክር አድርጌ የማቀርበው እሳቸውን ነው።

የአባቶቻችን ጦር ደግሞ ጀግናውን በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበረ ሁላችንም ተምረናል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በጅቡቲ ሳለሁ ከአእምሮዬ ያልጠፋው የራስ መኮንን ስም፣ አባ ቃኘው ነው። ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻለቃ የተሰየመው በዚህ የፈረስ ስም ነበር፤ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በመርከብ የተሳፈረውም ከጅቡቲ ወደብ ነው። ቃኘ የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ አለው፤ የጠላትን ቦታ መሰለልና የክራርን አውታር ማስማማት። እነዚያ ከደጋው የወረዱ ወታደሮች ብዙዎቹ ባሕርን አይተው የማያውቁ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። የአንድ ፈረስ ስም ይዘው ወደ ባሕር ወጡ። ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ መርከቦቹን ትቼ ውሃውን ነበር የማየው።

ሌላም ወታደር አለ፤ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ማጥለቁን የማያውቅ የለም። ስሙን ከአባቱ ስም ጋር አያይዞ ያነበበ ግን ምን ያህል ሰው ይሆን? ቢቂላ በኦሮምኛ ቡቃያ ነው። አበበ በአማርኛ አበበ ነው። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ። የእኛ አገር አጠራር የቤተሰብ ስም የለውም እየተባለ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ስንጉላላ እንኖራለን። ነገር ግን ልጅና አባት ተያይዘው እንዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆኑ የሚያሳይ አጠራር እኔ ሌላ አላየሁም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብዱኝ የቤት ስሞች ናቸው። ካሣሁን፣ ፋንታሁን፣ ማስረሻ፣ ምትኬ። እነዚህን ስሞች የያዘ ሰው ሲገጥማችሁ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው እንደነበረ ዕወቁ። አንድ ሕፃን አልፏል፣ ወይም አንድ ወንድም ከዘመቻ አልተመለሰም፤ ቀጥሎ የመጣው ልጅ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ካሣ ሆኖ ተሰይሟል። ይህን የምለው በሰው ቤት ገብቼ አይደለም። እኔም ምትኩ እባላለሁ።

አባቴ በ1991 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ግንባር ሲወድቅ እናቴ እኔን ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። የተወለድሁት ተዝካሩ ገና ሳይወጣ ነው። ሴት አያቴ ታቅፋ ፊቴን ካየች በኋላ፣ «ምትኩ» አለች ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። በትምህርት ቤት ልጆች፣ «የማን ምትክ ነህ?» ሲሉኝ እጣላ ነበር። ወደ ጦር አካዳሚ የገባሁት በራሴ ፈቃድ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ነገር ግን ስሜ ከኋላዬ ምን ያህል እንደገፋኝ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። በስም ጥሪ ላይ ስሜና የአባቴ ስም ተያይዘው ሲነበቡ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ የሐዘን ቤት የተጠራ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ሮብሌ ቅጹን ሲመልስልኝ ለምን እንደደነገጥሁ ልንገራችሁ። በዚህ ጋዜጣ ላይ ልጽፈው ብዙ ጊዜ አስቤ የተውሁት ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፖለቲካ መኮንንነቴ ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ የቆሰሉ ጓዶችን ዝርዝር ለቤተሰብ ማሳወቅ ነበር። አንድ ሌሊት በችኮላ ዝርዝሩን ስገለብጥ የአያት ስም የሚጻፍበትን ዓምድ ዘለልሁት። ወረቀቱ ጠባብ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር፤ ምክንያት አላጣም። በክፍላችን ውስጥ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ወታደሮች መኖራቸውን አላስተዋልሁም። መልእክቱ ያልቆሰለው ሰው ቤት ደረሰ።

ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ፣ በሶና ማር ቋጥራ፣ ሁለት ቀን ተጉዛ ሆስፒታል ገባች። አልጋውን አሳዩአት። የተኛው ሌላ ሰው ነው። «ስምህ ማን ነው?» ብትለው የባሏን ስም ነገራት። የአባትህስ ብትለው የአማቷን ስም ነገራት። እኔ ስሕተቱን ተረድቼ በማግስቱ ስደርስ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ በሶውን በጥብጣ ታጠጣው ነበር። የእሱ ዘመዶች ገና አልሰሙም፤ መልእክቱ ወደ እነሱ አልሄደምና።

ባሏ ደኅና መሆኑን ነገርኋት። አለቀሰች፤ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ይቅርታ ስጠይቃት ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለት ቀን ሰነበተችለት። ልትሄድ ስትል ወደ ቁስለኛው ጎንበስ ብላ፣ «የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አለችው። ጠጋ ብሎ ነገራት። «እንግዲህ በጸሎት አላምታታችሁም» አለችው፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇን አዝላ ሄደች። እሷ ሁለቱን ሰዎች የምትለይበትን ስም በአንድ ጥያቄ አገኘች። እኔ ያንኑ በእጄ ይዤ፣ በመዝገብ ተጽፎልኝ፣ ስንፍና ይዞኝ ዘለልሁት። ሁለቱም ጓዶች ዛሬ በሕይወት አሉ። ያንን ዓምድ ከዚያ ወዲህ ባዶ ትቼ አላውቅም፤ ለራሴ ስም ግን ሁለት መስመር ይበቃል የሚለው ልማድ እንዳልለቀቀኝ ያወቅሁት ከሮብሌ ጠረጴዛ ፊት ነው።

በጅቡቲ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባለቤቴ ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን በስልክ ሰማሁ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆሜ ከንግግሯ ጋር አንድ ሌላ ድምፅ ይመጣብኝ ነበር፤ የቤታችን ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው። የሕፃኗ ስም ጉዳይ ወዲያው ተነሣ። አማቴ፣ አባቷ በሌለበት ተወልዳለችና ናፍቆት ትባል ይላሉ። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ ድል ትባል ብለዋል። እኔ ምን እንደምል ሳላውቅ ስልኩን እናቴ ተቀበለች።

እናቴ ስለ ናፍቆትም ስለ ድልም አላነሣችም። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ምትኩዬ፣ ስምህ ከብዶህ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም። አልከበደኝም ብላት እዋሻለሁ፤ ከበደኝ ብላት እሷንም አያቴንም መክሰስ ይሆናል። «ለምጄዋለሁ፣ እማዬ» አልኋት።

«እኔ መች ለመድሁት» አለች። «ስጠራህ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚመጣብኝ። አንዱ ሳይገባ በር ላይ ይቀራል። ለዚችኛዋስ የራሷን ስም ስጧት።»

ስልኩ ወደ ባለቤቴ ተመለሰ። «ለምለም ብንላትስ?» አለችኝ። ምክንያቷን ስጠይቃት ምክንያት እንደሌላት፣ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮቱ የሚታያት ሁሉ ለምለም እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ በቆምሁበት ስፍራ አንዲት ቅጠል አትታይም ነበር። እሺ አልኋት።

በማግስቱ ለሮብሌ ስነግረው ለምለም ማለት ምን እንደሆነ መተርጎም አላስፈለገኝም፤ የድሬዳዋ አማርኛው ይበቃዋል። «ከዝናብ በኋላ የሚመጣው ነው» አለና ፈቃዴን ለመጨረሻ ጊዜ ማኅተም አደረገበት። ሊጣራ የሄደ ዕቃ ነበረና ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያን ጊዜ በሥራ ላይ ልሆን ስለምችል የክርስትና ስሟን ቀድማችሁ ንገሩኝ ብያለሁ። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ መፈጸም ስላለበት ግን እንደተመለስሁ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይዣት ሄድሁ። ቅጹ ሦስት መስመር አለው። በመጀመሪያው ለምለም ብዬ ጻፍሁ። በሁለተኛው የራሴን ስም ጻፍሁ። በሦስተኛው፣ አያት በሚለው ላይ፣ የአባቴን ስም ፊደል ሳላስቀር ጻፍሁ። ጸሐፊዋ ሦስቱንም ጮክ ብላ አነበበችና ትክክል መሆኑን ጠየቀችኝ። ትክክል ነው አልኋት።